ባሕር የሚለኩ እንስሳት

ከብት ያለው ሰው የቃጭልን ጥቅም ያውቃል። ላሟ ጫካ ገብታ ባትታይም ቃጭሏ ያለችበትን ይናገራል። ስትሮጥ ድምፁ ይለወጣል፤ ቆማ ስትግጥም ይለወጣል። ባለቤቷ በዓይኑ ሳያያት ብዙ ነገር ያውቃል።

ዛሬ የምናወጋችሁ በሩቅ ባሕር ውስጥ ስለሚኖሩና እንደ ቃጭል ያለ መሣሪያ ስለተደረገላቸው እንስሳት ነው። ልዩነቱ ይኼ ነው። ቃጭል ስለ ላሟ ብቻ ይናገራል። የባሕሩ እንስሳ የሚሸከመው መሣሪያ ግን ስለ እንስሳውም ይናገራል፤ ስለ ባሕሩም ይናገራል። ባሕሩ ምን ያህል ይሞቃል? ምን ያህል ጨው አለው? ምን ያህል ይጠልቃል? ይህን ሁሉ ለክቶ ለሰው ይልካል።

«ባሕር የሌለን ሰዎች ይኼ ምን ይጠቅመናል?» ትሉ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ወደ ኋላ ላይ እንመልሰዋለን። በቅድሚያ ግን ነገሩን ከሥሩ እንየው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ባሕሩ ምን ያህል ነው?

የምድርን ፊት መቶ ቦታ ብንከፍለው 71ዱ በባሕር ውሃ የተሸፈነ ነው። የሰው ልጅ የሚያርሰውም፣ የሚገነባውም፣ ከብቱን የሚያሰማራውም በቀረው መሬት ላይ ነው። ታላላቆቹ ባሕሮች ውቅያኖስ ይባላሉ። የውቅያኖስ ጥልቀት በአማካይ 3,700 ሜትር ያህል ነው። ከዓባይ በረሃ አፋፍ እስከ ወንዙ ድረስ ያለው ቁልቁለት ከአንድ ሺህ ሜትር ይበልጣል። ያን ቁልቁለት የወረደና የወጣ ሰው ጉልበቱ ያውቀዋል። ባሕሩ ከዚያም እጅግ ይጠልቃል።

የባሕር ውሃ ጨዋማ ነው። በአንድ ኪሎ የባሕር ውሃ ውስጥ 35 ግራም ያህል ጨው አለ። ይህ ጨው ቁም ነገር አለው። ምክንያቱም ጨው የበዛበት ውሃ ይከብዳል። ቀዝቃዛ ውሃም ከሞቃት ውሃ ይከብዳል። ከባዱ ወደ ታች ይሰምጣል፤ ቀላሉ ወደ ላይ ይወጣል። በዚህም የተነሣ ባሕር ዝም ብሎ የተኛ ውሃ አይደለም። ከላይ ወደ ታች፣ ከአንዱ የዓለም ዳር ወደ ሌላው ዳር ሲዞር ይኖራል።

ጨው ውሃን ማክበዱን በቤታችሁ ልታዩት ትችላላችሁ። ያልተበላሸ እንቁላል ወስዳችሁ በንጹሕ ውሃ ውስጥ ክተቱት። ይሰምጣል። ከዚያ በዚያው ውሃ ላይ ብዙ ጨው እየጨመራችሁ አማስሉ። ጨው ሲበዛ እንቁላሉ ይንሳፈፋል። ለምን? እንቁላሉ አልቀለለም። ውሃው ነው የከበደው።

ባሕር ሙቀትንም ያከማቻል። የሰው ልጅ ነዳጅና የድንጋይ ከሰል ሲያነድ የሚወጣው ጋዝ ምድርን እያሞቃት ነው። ከዚህ ከተጨመረው ሙቀት ውስጥ ከመቶ ዘጠና እጅ በላይ የሚሆነውን የተቀበለው ባሕር ነው። እንግዲህ የምድርን ሙቀት ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ባሕሩን ሳይለካ አያውቀውም ማለት ነው።

ሰው ራሱ ሄዶ ለምን አይለካም?

ይለካል እንጂ። በመርከብ ሄዶ ይለካል። ነገር ግን የመርከብ ጉዞ ወጪው ከባድ ነው። መርከቡ በሄደበት ቦታና ቀን እንጂ በሌላው ቦታ መለካት አይችልም።

አርጎ የሚባሉ ሰው የሌለባቸው ተንሳፋፊ መሣሪያዎችም አሉ። ቁጥራቸው 4,000 ያህል ነው። እስከ 2,000 ሜትር ድረስ ይወርዳሉ፤ ለክተው ይወጣሉ፤ የለኩትን በሬዲዮ ሞገድ ወደ ሰማይ ይልካሉ። ለዓለም ትልቅ ጥቅም ሰጥተዋል።

ታዲያ ምን ጎደለ? የጎደለው በረዶው ነው። በምድር ደቡብ ጫፍ አንታርክቲካ የሚባል በበረዶ የተሸፈነ አህጉር አለ። በዚያ አገር ክረምት ሲገባ በዙሪያው ያለው ባሕር ራሱ ይረጋል። ለመርከብ መንገዱ ይዘጋል። ተንሳፋፊው መሣሪያም ከበረዶው ሥር ሲገባ ወደ ላይ ወጥቶ መልእክቱን መላክ ይቸግረዋል። ስለዚህ ለብዙ ዘመን የዚያ ባሕር የክረምት ወሬ ለሰው አልደረሰም ነበር። ሳይንቲስቶች በበጋ የለኩትን ይዘው የክረምቱን ይገምቱ ነበር።

በዚያ በረዶ መካከል ግን ክረምት ከበጋ የሚኖሩ፣ የሚዋኙና ወደ ጥልቁ የሚወርዱ ፍጥረቶች አሉ። ማንም አልላካቸውም። ምግባቸው ያለው እዚያ ስለሆነ ይሄዳሉ። ሳይንቲስቶችም «እነዚህ እንስሳት የሚሄዱት እኛ መሄድ ያቃተን ቦታ ነው፤ መለኪያችንን ለምን አይይዙልንም?» አሉ።

ዝሆን አቆስጣ

አቆስጣ በባሕር የሚኖር አጥቢ እንስሳ ነው። ስሙን ከመጽሐፍ ቅዱስ ንባብ የሰማችሁት ትኖራላችሁ። ዓሣ አይደለም። ደሙ ሙቅ ነው፤ ልጁን ያጠባል፤ የሚተነፍሰውም እንደ እኛ አየር ነው። እጅና እግሩ እንደ መቅዘፊያ ሆኖለታል።

ከአቆስጣ ዘሮች ሁሉ ትልቁ በደቡብ ባሕር የሚኖረው ዝሆን አቆስጣ ነው። ወንዱ እንደ አጭር ኩምቢ የተንጠለጠለ አፍንጫ ስላለው ነው ዝሆን የተባለው። ትልቁ ወንድ ከ30 ኩንታል በላይ ይመዝናል። ሴቷ ከእርሱ በጣም ታንሳለች። የሚወልዱትና ጠጉራቸውን የሚቀይሩት በደሴቶች ላይ ነው። ከእነዚህም ደሴቶች መካከል ደቡብ ጆርጂያ፣ ኬርጌለንና ማኳሪ የሚባሉት ይገኛሉ።

ከዚያ ወደ ባሕር ይገባሉ። ለወራት ወደ መሬት አይመለሱም። በባሕር ላይ ሳሉ ከጊዜያቸው አብዛኛውን የሚያሳልፉት ከውሃ በታች ነው። ደጋግመው ይጠልቃሉ። ብዙውን ጊዜ ከ400 እስከ 600 ሜትር ይወርዳሉ። ከ2,000 ሜትር በላይ የወረዱም ተመዝግበዋል። በአንድ ትንፋሽ ግማሽ ሰዓት ያህል ይቆያሉ። አንዳንዴም ከአንድ ሰዓት ያልፋሉ።

እንዴት ይችሉታል? እኛ ውሃ ውስጥ ልንጠልቅ ስንል አየር በሳንባችን እንሞላለን። አቆስጣ ግን ከመጥለቁ በፊት አየሩን ያስወጣል። የሚያስፈልገውን ኦክስጅን የሚይዘው በሳንባው ሳይሆን በደሙና በሥጋው ውስጥ ነው። ደሙ ብዙ ነው። ሲጠልቅ የልቡ አመታት ይቀንሳል። እንዲህ አድርጎ ትንፋሹን ይቆጥባል።

የውሃውም ጫና ቀላል አይደለም። 10 ሜትር በወረዱ ቁጥር በአንድ ጥፍር ስፋት ላይ አንድ ኪሎ ያህል ሸክም ይጨመራል። 1,000 ሜትር ሲደረስ በዚያች በጥፍር ስፋት ላይ የሚያርፈው ሸክም መቶ ኪሎ ወይም አንድ ኩንታል ነው። ዝሆን አቆስጣ ይህን ችሎ ዓሣውን ይበላል፤ ተመልሶም ይወጣል።

መሣሪያው እንዴት ይሠራል?

መሣሪያውን የሠሩት በስኮትላንድ አገር በሴንት አንድሩስ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ባለሙያዎች ናቸው። ክብደቱ ግማሽ ኪሎ ያህል ነው። በውስጡ ሦስት መለኪያዎች አሉ።

አንደኛው ሙቀት ይለካል።

ሁለተኛው ጥልቀት ይለካል። ጥልቀቱን የሚያውቀው አሁን በነገርናችሁ በውሃው ጫና ነው። ጫናው ስንት እንደሆነ ካወቀ ስንት ሜትር እንደወረደ ያውቃል።

ሦስተኛው ጨው ይለካል። ጨው የበዛበት ውሃ ኤሌክትሪክ በደንብ ያስተላልፋል። መሣሪያው በውሃው ውስጥ ኤሌክትሪክ እንዴት እንደሚያልፍ ይመለከትና የጨዉን መጠን ይነግራል።

መሣሪያው አነስተኛ አንቴናና የባትሪ ድንጋይም አለው። ነገር ግን እዚህ ላይ አንድ ችግር አለ። የሬዲዮ ሞገድ በባሕር ውሃ ውስጥ አያልፍም። ስለዚህ አቆስጣው ከታች ሳለ መሣሪያው መላክ አይችልም። መዝግቦ ይይዛል። አቆስጣው ሊተነፍስ ብቅ ሲል አንቴናው ከውሃ ይወጣል። ያን ጊዜ መሣሪያው የመዘገበውን አሳጥሮ በሬዲዮ ይልካል። መልእክቱን የሚቀበሉት ከምድር በላይ የሚዞሩ ሳተላይቶች ናቸው። ከ1978 ጀምሮ የሚሠራው አርጎስ የተባለ የሳተላይት አገልግሎት ይህን ሥራ ይሠራል። ከሳተላይቱ ወደ ምድር፣ ከምድር ጣቢያው ወደ ሳይንቲስቶቹ ይደርሳል። አቆስጣው ገና በበረዶው መካከል ሳለ እርሱ የለካውን ውሃ ሌላ አገር ያለ ሰው ያነበዋል።

አቆስጣው ውሃው ላይ የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃ ነው። የባትሪ ድንጋዩም ለወራት መቆየት አለበት። በዚህ ምክንያት የተለካው ሁሉ አይላክም። መሣሪያው መርጦና አሳጥሮ ይልካል።

መሣሪያው የሚደረገው እንስሳው ጠጉሩን ቀይሮ ሲጨርስ ነው። ማደንዘዣ መድኃኒት ይሰጡትና ሲተኛ በራሱ ጠጉር ላይ በማጣበቂያ ይለጥፉታል። ቆዳው አይበሳም። በሚቀጥለው ዓመት አሮጌው ጠጉር ሲረግፍ መሣሪያውም አብሮ ይወድቃል።

ከማድቤት ሰዓት እስከ ሳተላይት

ይህ ሥራ በአንድ ቀን አልተፈጠረም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ጄራልድ ኩይማን የተባሉ አሜሪካዊ ሊቅ ወደ አንታርክቲካ ሄዱ። አቆስጣ ምን ያህል እንደሚጠልቅ ማወቅ ፈለጉ። የተጠቀሙት በማድቤት ምግብ ለማብሰል በምትቀመጥ፣ እስከ 60 ደቂቃ በምትቆጥር ሰዓት ነው። ሰዓቷ በጥላሸት የተቀባ መስተዋት ታዞራለች። ቀጭን መርፌ በጥላሸቱ ላይ መስመር ይጭራል። አቆስጣው ሲወርድና ሲወጣ መስመሩም ይወርዳል፣ ይወጣል።

መሣሪያውን መልሶ ማግኘቱስ? ኩይማን እንስሳውን ባሕሩ በረዶ በሆነበት ቦታ በተቆፈረ ቀዳዳ አስገቡት። በአካባቢው ሌላ መተንፈሻ ስለሌለ አቆስጣው ለመተንፈስ ወደዚያው ቀዳዳ ተመለሰ። ሊቁም መሣሪያቸውን ፈትተው መስመሩን አነበቡ። በዚህ ቀላል ዘዴ እንስሳው በመቶዎች የሚቆጠር ሜትር እንደሚወርድ ታወቀ።

በኋላ ሳተላይት መጣ። በ1996 በሜክሲኮ የባሕር ዳርቻ አደሊታ የሚል ስም የተሰጣት አንዲት የባሕር ኤሊ መሣሪያ ተደርጎላት ወደ ባሕር ተለቀቀች። ከአሜሪካ ወገን ተነሥታ፣ ታላቁን የሰላም ውቅያኖስ አቋርጣ፣ በ368 ቀን ጃፓን አጠገብ ደረሰች። ከዚህ ምን ተማርን? በሜክሲኮ የሚመገቡት ኤሊዎች እንቁላላቸውን የሚጥሉት በጃፓን አሸዋ ላይ ነው። ስለዚህ አንድ አገር ብቻውን ሊጠብቃቸው አይችልም። ሁለቱም አገሮች ካልተባበሩ ኤሊዋ ትጠፋለች።

ከ2000 እስከ 2009 ደግሞ በዚያው ውቅያኖስ በ23 ዓይነት እንስሳት ላይ ከ4,000 በላይ መሣሪያዎች ተደረጉ። ሻርክ፣ ቱና ዓሣ፣ ዓሣ ነባሪ፣ ኤሊ፣ አቆስጣና የባሕር ወፍ ነበሩበት። በደቡብ ባሕር ያሉት ዝሆን አቆስጣዎች ሙቀትና ጨው አብሮ የሚለካውን መሣሪያ በብዛት መሸከም የጀመሩት ከ2004 ወዲህ ነው።

ምን ተገኘ?

አንደኛ፣ ባዶ የነበረው መዝገብ ሞላ። በ2008 በታተመ ጥናት እንደተገለጸው ዝሆን አቆስጣዎቹ በበረዶ ከሚሸፈነው የደቡብ ባሕር ክፍል የሚገኘውን የሙቀትና የጨው ልክ በ30 እጥፍ አሳደጉት። ከዚያ ወዲህ የብዙ አገር ሳይንቲስቶች ሜኦፕ በሚባል ኅብረት ተሰባስበዋል። እንስሳቱ የላኩትን በአንድነት አስቀምጠው ከ2015 ጀምሮ ለሚፈልግ ሁሉ በነፃ ይሰጣሉ። መዝገቡ ከአምስት መቶ ሺህ በላይ ልኬት ይዟል።

ሁለተኛ፣ የጥልቁ ባሕር ውሃ አንድ ምንጭ ተገኘ። ይኼን ቀስ ብለን እንየው። የባሕር ውሃ ሲረጋ በረዶው ጨዉን ወደ ውጭ ይገፋዋል። በረዶው ሥር የቀረው ውሃ ጨዉ ይበዛል። ጨዋማም ቀዝቃዛም ስለሆነ እጅግ ይከብዳል። ስለከበደም ወደ ባሕሩ ወለል ይሰምጥና በወለሉ ላይ ወደ ሰሜን ይጓዛል። ወደ ሕንድ ውቅያኖስና ወደ ሌሎቹም ባሕሮች ወለል ይደርሳል። ኦክስጅንም ይዞ ስለሚወርድ ለጥልቁ ባሕር ፍጥረቶች እስትንፋስ ይሆናቸዋል።

ይህ ከባድ ውሃ በአንታርክቲካ ዙሪያ በሦስት ቦታዎች እንደሚፈጠር ይታወቅ ነበር። አራተኛ ቦታ ሊኖር እንደሚችል ቢጠረጠርም ማስረጃው አልተሟላም ነበር። በ2013 የጃፓን ሳይንቲስቶች ከሌሎች አገሮች ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ማስረጃውን አሳተሙ። ቦታው ኬፕ ዳርንሊ ይባላል። ሳይንቲስቶቹ በባሕሩ ወለል ላይ በመልሕቅ የታሰሩ መሣሪያዎች ነበሯቸው። መሣሪያ የተሸከሙ ዝሆን አቆስጣዎችም በዚያ አካባቢ ያለውን ከባድ ውሃ ለክተው ላኩ። ሁለቱ ሲገጣጠሙ ነገሩ ግልጽ ሆነ።

ሦስተኛ፣ ይህ የውሃ ምንጭ ሊደክም እንደሚችል ታወቀ። በ2016 የታተመ ሌላ ጥናት በአቆስጣዎች ልኬት ተመሥርቶ ፕሪድዝ የተባለውን የባሕር ወሽመጥ መረመረ። ከመሬት ወደ ባሕሩ የተዘረጋው ግግር በረዶ ሲቀልጥ ጨው የሌለው ውሃ ወደ ባሕሩ ይገባል። ያ ውሃ ጨዋማውን ያቀጥነዋል። ውሃው ሲቀጥን ይቀልላል፤ ሲቀልል በሚገባው አይሰምጥም። ወጥ ላይ ውሃ ሲበዛበት እንደሚቀጥን ዓይነት ነው። የምድር ሙቀት ጨምሮ በረዶው ይበልጥ ከቀለጠ የጥልቁ ባሕር ውሃ ጉዞ ይደክማል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አራተኛ፣ የባሕሩ ወለል ካርታ ታረመ። አቆስጣ አንዳንዴ ምግብ ፍለጋ እስከ ወለሉ ይወርዳል። በ2023 የአውስትራሊያ ሳይንቲስቶች የ265 አቆስጣዎችን መዝገብ ከካርታው ጋር አስተያዩ። በብዙ ቦታ እንስሳቱ የወረዱት ካርታው «ወለሉ እዚህ ነው» ከሚለው በታች ሆነ። እንስሳ ድንጋይ ሰንጥቆ አይገባም። የተሳሳተው ካርታው ነው። በአንድ ቦታማ ከ2,000 ሜትር በላይ የሚጠልቅ ሸለቆ እንዳለ ታወቀ። በኋላም ኑይና የተባለችው የአውስትራሊያ መርከብ ሄዳ አረጋገጠች። ይህ ጠቃሚ ነው። ምክንያቱም ሞቅ ያለ ውሃ በእንዲህ ያለ ሸለቆ አድርጎ ወደ ግግር በረዶው ሥር ሊደርስ ይችላል። በረዶው ከሥሩ ከቀለጠ የባሕሩ ከፍታ ይጨምራል፤ በባሕር ዳር ያሉ ከተሞችም ይጎዳሉ።

በሰሜን ጫፍም ተመሳሳይ ሥራ ተሠርቷል። በግሪንላንድና በካናዳ መካከል ናርዋል የተባለ ረጅም ቀንድ የሚመስል ጥርስ ያለው እንስሳ ይኖራል። ከ2005 እስከ 2007 በ14 ናርዋሎች ላይ መሣሪያ ተደረገ። ከ1,700 ሜትር በላይ እየጠለቁ ለኩ። የክረምቱ ባሕር በቀድሞው መዝገብ ከተጻፈው ይልቅ ሞቆ ተገኘ።

እንስሳውስ አይጎዳም ወይ?

እንስሳ ያሳደገ ሰው ይህን ጥያቄ ማንሣቱ አይቀርም። የማይመች ኮርቻ የበቅሎን ጀርባ እንደሚመልጥ እናውቃለን። ሳይንቲስቶችም ጥያቄውን አንሥተዋል። መልሱ በሁሉም ላይ አንድ አይደለም።

በማኳሪ ደሴት የተጠኑት ዝሆን አቆስጣዎች መሣሪያ ያላቸውና የሌላቸው ተነጻጽረዋል። በክብደታቸውና በሕይወት በመቆየታቸው ልዩነት አልታየም። ከ30 ኩንታል ወይም ከጥቂት ኩንታል ክብደት ላይ ግማሽ ኪሎ አነስተኛ ሸክም ነው።

በፔንግዊኖች ላይ የደረሰው ግን ሌላ ነው። ፔንግዊን የማይበር፣ የሚዋኝ ወፍ ነው። ሳይንቲስቶች ለመለያ ይሆናቸው ዘንድ በክንፉ ላይ የብረት ቀለበት ያስሩ ነበር። የፈረንሳይ ሳይንቲስቶች 50 ቀለበት ያላቸውንና 50 የሌላቸውን ፔንግዊኖች ለ10 ዓመት ተከታተሉ። ውጤቱን በ2011 አሳተሙ። ቀለበት ያላቸው ይበልጥ ሞቱ። የፈለፈሏቸው ጫጩቶችም ከሌሎቹ በመቶ 39 እጅ ያነሱ ሆኑ። ቀለበቱ ሲዋኙ ይጎትታቸው፣ ያደክማቸውም ነበር።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ ለአንዱ እንስሳ የማይከብድ ነገር ሌላውን ይገድላል። ሁለተኛው፣ የተጎዳ እንስሳ የሚሰጠው ወሬም የተጣመመ ነው። የደከመ ፔንግዊን የሚያሳየን ድካሙን እንጂ የባሕሩን ሁኔታ አይደለም። ስለዚህ ለእንስሳው መጠንቀቅ ለእውነቱም መጠንቀቅ ነው። መሣሪያ ከመደረጉ በፊት «ይህ መለኪያ ያስፈልጋል ወይ? ሸክሙስ ለዚህ እንስሳ ይመጥናል ወይ?» ተብሎ መጠየቅ አለበት።

ሥራው ሌላም ጉድለት አለው። አቆስጣ የሚሄደው ምግቡ ወዳለበት እንጂ ሳይንቲስቱ ወደፈለገው አይደለም። የማይሄድበት ቦታ ሳይለካ ይቀራል። መሣሪያውም ይበላሻል፤ ዋጋውም ውድ ነው። ስለዚህ መርከቡም፣ ተንሳፋፊውም፣ እንስሳውም አብረው መሥራት አለባቸው። አንዱ የሌላውን ጎዶሎ ይሞላል። በዚህ ሐሳብ ነው በ2020 በእንስሳት የሚደረገው ልኬት አኒቦስ በሚል ስም ከዓለም አቀፉ የባሕር መከታተያ ሥራ ጋር እንዲያያዝ የተደረገው።

ከእኛ ዝናብ ጋር ምን ያገናኘዋል?

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ደረስን። አገራችን ባሕር ባይኖራትም የምንጠጣው ውሃ ከባሕር የመጣ ነው። ፀሐይ የባሕሩን ውሃ ታተናለች። ጨዉ በባሕሩ ይቀራል። እንፋሎቱ ይወጣል። ነፋስ ይዞት ይመጣል። የክረምት ዝናባችን እርጥበት በነፋስ ከሕንድ ውቅያኖስና በምዕራብ በኩል ከአትላንቲክ ውቅያኖስም ይደርሰናል። ገበሬ ዘሩን የሚዘራው ባላየው ባሕር ተማምኖ ነው ማለት ይቻላል።

ባሕር ጠባዩን ሲለውጥ ዝናባችንም ይለወጣል። በ2015 የሰላም ውቅያኖስ ከወትሮው በላይ ሞቀ። ይህ ኤልኒኖ ይባላል። በዚያ ዓመት፣ በእኛ አቆጣጠር በ2007 ክረምት፣ በሰሜንና በምሥራቅ ኢትዮጵያ ብዙ ቦታዎች ዝናቡ ጠፋ። ከብት አለቀ። ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ እርዳታ የሚያስፈልገው ሆነ። ባሕሩ የሞቀው ከእኛ እጅግ ርቆ ነው። ጓዳው የጎደለው ግን እዚህ ነው።

እዚህ ላይ ነገሩን አናጋንነው። በአንታርክቲካ ያለው አቆስጣ «ዘንድሮ በወሎ ይዘንባል፤ በሐረርጌ አይዘንብም» ብሎ አይነግረንም። ኤልኒኖን የሚጠብቁ ሌሎች መሣሪያዎች በሰላም ውቅያኖስ ላይ አሉ። አቆስጣው የሚነግረን የባሕሩን ትልቅ ሒሳብ ነው። ሙቀቱ የት ገባ? ከባዱ ውሃ ይሰምጣል ወይስ ደክሟል? በረዶው ከሥሩ እየቀለጠ ነው ወይ? ከየቦታው የሚላከው ልኬት ተሰብስቦ ለአየር ጠባይና ለባሕር ትንበያ ሥራ ይውላል። ሒሳቡ በተሟላ መጠን ትንበያው ወደ እውነት ይቀርባል። አስቀድሞ የሰማ ገበሬ ደግሞ ቶሎ የሚደርስ ዘር ይመርጣል፤ ከብቱን ሳይከሳ ይሸጣል፤ እህሉን ይቆጥባል።

የዚህ ሁሉ ሥራ መሠረቱ አንድ ነው። ለክቶ መጻፍ ነው። ያልተጻፈ ልክ ይረሳል። «ድሮ ዝናቡ ቶሎ ይገባ ነበር» እንላለን። አንዱ «በግንቦት ነው» ይላል፤ ሌላው «የለም፣ በሰኔ ነው» ይላል። የተጻፈ ስለሌለ ክርክሩ አያልቅም። ዛሬ ግን ፊደል ቆጥራችኋል፤ ቁጥርም ታነባላችሁ። ደብተር ወስዳችሁ የመጀመሪያው ዝናብ የጣለበትን ቀን ጻፉ። ያቆመበትንም ቀን ጻፉ። የዘራችሁበትንና ያጨዳችሁበትን ቀን ጨምሩ። በየዓመቱ እንዲሁ አድርጉ። አሥር ዓመት ሲሞላ በመንደራችሁ ማንም የሌለው መዝገብ በእጃችሁ ይኖራል። ልጆቻችሁም ያነቡታል።

ተወያዩበት

1. ጨው የበዛበት ውሃ ለምን ይሰምጣል? በእንቁላል ሞክራችሁ ለጎረቤት አሳዩ።

2. አቆስጣው ከውሃ በታች ሳለ መሣሪያው መልእክት መላክ የማይችለው ለምንድን ነው?

3. ለዝሆን አቆስጣው ያልከበደው ነገር ለፔንግዊኑ ለምን ከበደ? እናንተ በከብቶቻችሁ ላይ ይህን የመሰለ ነገር አይታችኋል?

4. በመንደራችሁ ዝናቡ በዚህ ዓመት መቼ ገባ? ባለፈው ዓመትስ? በቃል ከማስታወስና ጽፎ ከማስቀመጥ የትኛው ይታመናል?